የእድሩ ድንኳንና የመኪናችን መንገድ

በእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሄልሜት አልሰጡኝም። ቡድን መሪያችን አቶ መኮንን አንድ ሜትር፣ አንድ ጥራዝ የቁጥጥር ቅጽና እስክሪብቶ አስፈርመው አስረከቡኝ። ያንቺ ሥራ እሳት ማጥፋት ሳይሆን እንዳይነሳ ማድረግ ነው አሉኝ። ቅር አለኝ። ሐሳቤ በቀዩ መኪና ላይ ሆኜ በሰፈሬ ማለፍ ነበር።

የተመደብኩት ከላምበረት አለፍ ብሎ ባለ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። ደረጃ ላይ የተከመረ ዕቃ አስነሳለሁ፣ ኮሪደር ላይ የተገጠመ የብረት በር አስከፍታለሁ፣ የእሳት ማጥፊያው ጊዜ እንዳላለፈ አያለሁ። አንድ ጊዜ የውኃ ቱቦው ሳጥን ውስጥ ሽንኩርት አገኘሁ። ባለቤቷ ከሾላ ገበያ በጅምላ እንደገዛችውና እዚያ ጥሩ ንፋስ እንደሚያገኝ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ንፋሱ እውነት ነበር።

ትልቁ ራስ ምታቴ ግን በብሎክ አስራ አራትና በብሎክ አስራ አምስት መካከል ያለው መንገድ ነው። መኪናችን ወደ አስራ አምስት የሚገባበት ሌላ መንገድ የለም። ለቅሶ ሲኖር እድሩ ድንኳኑን የሚጥለው እዚያው ላይ ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ካስማው በኮብልስቶኑ መሐል ተመትቶ። ሦስት ቀን ሙሉ መንገዱ ዝግ ይሆናል። በእነዚያ ቀኖች እሳት ቢነሳ መሰላላችን ማዶ ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም።

ለእድሩ ሊቀመንበር ለጋሽ ጉተማ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጋሽ ጉተማ የቦታው የጥንት ገበሬ ናቸው፤ ብሎክ አስራ አምስት የቆመው የጤፍ ማሳቸው ላይ ነው። ደብዳቤዎቼን ተቀብለው በላስቲክ አቃፊ ውስጥ በየቀናቸው አስቀመጧቸው። መልስ ግን አልሰጡኝም።

ከዚያ ያጠፋሁት ጥፋት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አንድ ለቅሶ ላይ ዩኒፎርሜን ለብሼ ሄድኩና የድንኳኑን ካስማዎች መለካት ጀመርኩ። ውስጥ ሴቶች ያለቅሳሉ፣ እኔ ውጭ ተንበርክኬ ሴንቲ ሜትር እቆጥራለሁ። ጋሽ ጉተማ ወጥተው አዩኝ። ሲናደዱ ኦሮምኛ ይቀድማቸዋል፤ መጀመሪያ ያሉት አልገባኝም። ቀጥሎ ያሉት ግን ገባኝ።

«ልጄ፣ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው መጀመሪያ ገብቶ እግዜር ያጽናችሁ ይላል። ሜትርሽን ሌላ ቀን ታመጪዋለሽ።»

አቶ መኮንን ሲሰሙ ቅጣት ጻፊባቸው ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዩኒፎርምሽን አውልቂና ተመለሺ አሉኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ፤ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀመጥኩ። ስለ መንገዱ ትንፍሽ አላልኩም፤ እንደ እኔ ላለች ለፍላፊ ቀላል አልነበረም። ድንኳኑ ሲነሳ ጋሽ ጉተማ ራሳቸው ጠሩኝና እስቲ አሁን ችግርሽን ንገሪን አሉኝ።

ድንኳኑ ወደ ሜዳው ፈቀቅ ይበል ብል፣ ሟች ከወጣበት ደጅ አይርቅም አሉ። አልተከራከርኩም። በመጨረሻ ተስማማን። ካስማ መምታት ቀረ፤ ገመዶቹ ድንጋይ በሞላ ማዳበሪያ ላይ፣ አንዴ ሲሳብ በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰራሉ። አራት ድንኳን ተካዮች ደግሞ እሳት ቢነሳ ገመዱን እንዲስቡ ለቅሶው እስኪያልቅ ከአጠገቡ አይርቁም።

ልምምድ ሲባል ግን ሁሉም አፈገፈገ። ሰው ተቀምጦበት ድንኳን ማፍረስ ሟርት ነው አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈራሁ፤ ባለሙያ ብሆንም ያደግኩት እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ ለቅሶ አልቆ ድንኳኑ በሚነሳ ቁጥር በሩጫ እንዲያነሱት አደረግን፤ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። ሰዎቹ እየቆዩ ወደዱት፤ ከባለፈው በልጠናል አልበለጥንም ብለው ይጨቃጨቁ ጀመር።

ከዓመት በኋላ የጋሽ ጉተማ ባለቤት ወይዘሮ ጫልቱ አረፉ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ሳለ ከብሎክ አስራ አምስት ሦስተኛ ፎቅ ጭስ መውጣት ጀመረ። አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት ኖሯል። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አራስ ከነሕፃኗ ነበረች። ደረጃው በጭስ ስለተሞላ መውረድ አልቻለችም፤ በመስኮት ብቅ ብላ ትጣራለች። ደወልኩ። መኪናው ተነስቷል አሉኝ።

ዞር ስል አራቱ ድንኳን ተካዮች ገመዶቹ ጋ ቆመዋል። ማንም ግን አልነካቸውም። ሐዘኑ የሊቀመንበሩ የራሳቸው ነው፤ የወይዘሮ ጫልቱ ፎቶ መሐል ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። እኔ የማዘዝ ሥልጣን ነበረኝ። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ጋሽ ጉተማ ቀና ብለው መስኮቷን አዩ። ከዚያ ተነሥተው የባለቤታቸውን ፎቶ አወረዱና በጋቢያቸው ሸፍነው በብብታቸው ያዙት። የመጀመሪያውን ገመድ የሳቡት ራሳቸው ናቸው።

«ጫልቱ ብትኖር እስካሁን አንሥታው ነበር» አሉ። «ሳቡ።»

ለቀስተኛው አግዳሚ ወንበሩን እየተሸከመ ወጣ፤ ሸራው ወርዶ ወደ ግድግዳው ተጎተተ። መኪናው ኩርባው ላይ ሲደርስ መንገዱ ባዶ ነበር። መሰላሉ ተዘረጋ። ሕፃኑ በአንድ ባልደረባዬ እቅፍ ወረደ፣ እናቱ ቀጠለች። እኔ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለወይዘሮ ጫልቱ ይሁን ለሕፃኑ አላውቅም።

እሳቱ እንደጠፋ ወዲያው ድንኳኑ እንደገና ተጣለ። አንዱን ምሰሶ የያዘው የአራሷ ባል ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አቶ መኮንንንና ጋሽ ጉተማን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። አዳዲስ ተቆጣጣሪዎች ምክር ሲጠይቁኝ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። በደንቡ መሠረት ያን ድንኳን ማስነሳት የእኔ ሥራ ነበር፤ አልቻልኩም። የቻሉት ከዓመት በፊት አምነው የተስማሙት ሰው ናቸው። ስምምነቱን ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ጭስ ከታየ በኋላ ለማስረዳት ጊዜ የለም።