የሌስተር ጠዋቶች

ባለፈው ሳምንት እዚሁ አሜሪካ፣ ፒከሪንግተን ከተማ ጥርስ ሐኪም ቤት ከልጄ ጋር ተራ ስንጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ስለ አንድ የአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ ያወራ ነበር፤ በእጅ የሚወረወረው ኳስ። አንዱ ክለብ አሰናብቶት ሌላው ወስዶታል። ተንታኙ «ጆርኒማን» አለው።

«ዋትስ ዛት፣ ማም?» አለች ልጄ።

«አንድ ቦታ የማይረጋ ተጫዋች። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ።»

እሷ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ግን በሐሳቤ ርቄ ሄድኩ፤ ሃያ ዓመት ወደኋላ፣ ወደ ፈረንጆቹ 2021 መከር፣ ፍራንክሊንተን ሰፈር ወንዙ ዳር ወዳለው ሜዳ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በዲቪ ከኮምቦልቻ መጥቼ፣ ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር አጎቴ ጋሼ ሰይድ ቤት እየኖርኩ፣ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን እደረድር ነበር። ኮቪድ ስለነበር ሁላችንም ማስክ እናደርጋለን፤ ሰውን የማውቀው በዓይኑና በእጁ ነው። አብሮኝ የሚሠራው የሌስተር እጅ እንደ አካፋ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን ማሸጊያ ፕላስተር ስጠይቀው ከሩቅ ወረወረልኝ፤ በአንድ እጄ ቀለብኩት።

«የት ተማርሽው?»

«አገሬ በረኛ ነበርኩ።»

«ጠዋት ጠዋት ኳስ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ።

ሌስተር ኳርተርባክ ነበር፤ ኳሱን ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው፣ ቡድኑ በሙሉ ዓይን ዓይኑን የሚያየው ሰው። እሱ ግን ከክለብ ክለብ ሲዞር የኖረው በተጠባባቂነት ነው። አንዱ ከተማ ሻንጣውን ሳይፈታ አሰናብተውታል። ሌላው ጋ ዓመቱን ሙሉ መስመር ዳር ቆሞ የሌላውን ጨዋታ አይቷል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ያን ሰሞን ተጫዋቾች በኮቪድ ድንገት ኳራንቲን ስለሚገቡ፣ ክለቦች እንደሱ ላሉ ሰዎች ይደውሉ ነበር። «ዘንድሮ ካልጠሩኝ አበቃ» አለኝ።

ጋሼ ሰይድ ነገሩ አልጣማቸውም። «እኔም እመጣለሁ» አሉ፣ መጡም። መጀመሪያ መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው በመስኮት ያዩን ነበር። ቀስ በቀስ ወረዱ። ውለው አድረውም በሶ ጨብጠው እያመጡ «ኢት፣ ኢት! ፓወር ነው!» እያሉ ሌስተር እጅ ላይ ያስቀምጡለት ጀመር። ሌስተር ጣቱን እየላሰ ይጨርሰዋል።

እነዚያ ጠዋቶች ዛሬ ሳስባቸው በእንቅልፍ ልብ ያየኋቸው ይመስለኛል። ወንዙ ይተናል፤ ሣሩ በጤዛ ርሷል። ጭጋጉ ሲወፍር ሌስተር ራሱ አይታየኝም። ኳሱ እየተሽከረከረ ሲመጣ የሚያሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ ከዚያ ድንገት ከነጩ አየር ውስጥ ወጥቶ ደረቴ ላይ ያርፋል። ሙቀቱ ከሱ እጅ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ሜዳው ዳር ያለው የሜፕል ዛፍ ቅጠሉ በሙሉ ቀይ በሆነበት ሰሞን፣ ልምምድ ላይ ሳለን ስልኩ ጮኸ። አነጋገረና ዘጋው፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። «ጠሩኝ» አለ፣ ራሱም ያላመነው ይመስላል። በቀጥታ ኤርፖርት ያደረሱት ጋሼ ሰይድ ናቸው። ሲሰናበቱት በአማርኛ መረቁት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

እሑድ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ሌስተር ኮፍያውን አድርጎ መስመር ዳር ቆሟል። ጋሼ ሰይድ የአስር ሶላት ሰግደው ሲመለሱም እንደቆመ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዋናው ኳርተርባክ እያነከሰ ወጣ፤ ሌስተር ገባ። መጀመሪያ ጥለውት በጀርባው ወደቀ። ቀጥሎ የወረወረው መሬት ላይ ቀረ። እኔ ሳላውቀው ሁለት እጄን ዘርግቼ ነበር። ከዚያ ወደኋላ ራመድ ራመድ ብሎ ኳሷን ለቀቃት፤ ረጅም፣ ጥግ ድረስ የምትሄድ። እዚያ የሮጠ አንድ የቡድኑ ልጅ ያዛት፤ ነጥብ ሆነች።

«ሌስተር! ወላሂ የኛው ሌስተር!» ጋሼ ሰይድ ዘለሉ፤ የሚያማቸውን ጉልበታቸውንም ረሱት።

ቡድኑ ግን ተሸነፈ። ዋናው ተጫዋች ሲሻለው ሌስተርን አሰናበቱት።

ከተመለሰ በኋላ ሜዳው ላይ ተገናኘን። ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፣ ብርዱ ይቆነጥጣል። ጋሼ ሰይድ እንደ ልጃቸው አገላብጠው ሳሙት። እኔም «ነጥቧ ስትቆጠር ምን ተሰማህ?» አልኩት።

ሳቀ። «ኳሷን የያዘው ልጅ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝና ስምህ ማን ነበር አለኝ።»

አብረን ሳቅን። ከዚያ ሌስተር ኳሱን አነሳና «በይ፣ ራቅ በይ» አለኝ።

«አሁን ደግሞ ለምን? አሰናብተውህ የለ?»

«ጥሪው አበቃ። መወርወሩን እኮ እወደዋለሁ።»

ጋሼ ሰይድ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሌስተርም እናቱ ወዳለችበት ወደ ደቡብ ሄዶ ወሬው ጠፋብኝ። በወጣትነቴ የሰው ዕድሜ የሚለካው በተጠራበት ቀን ይመስለኝ ነበር፤ ለሌስተር ያዘንኩትም ለዚህ ነው፣ የሱ ቀን አጭር ነበረችና። አሁን ግን ስሙን ባነሳሁ ቁጥር የዚያች እሑድ ነጥብ ትዝ አትለኝም። የሚታየኝ ማንም ሳይጠራው በዚያ ብርድ ቆሞ፣ ፊቱ በርቶ የሚወረውረው ሰውዬ ነው። ደስተኛ ነበር፤ እኔም ያንን ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት ፈጀብኝ።