ከእትዬ ዘነበች የወሰድኩት ተራ

ያደግሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ልጅነቴን ሳስብ ቀድሞ የሚሸተኝ የቦኖው ጭቃና ፀሐይ ያጋለው ጀሪካን ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውኃ የሚቀዳው ከዚያ ቦኖ ነበር። ቆሞ የሚጠብቅ የለም፤ እጀታው ላይ ጨርቅ ያሰረበትን ጀሪካን ተራው ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኛ ልጆች አጠገቡ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትን ሰልፉን በእግራችን ወደፊት እንገፋለን እንጂ የማንንም ተራ አንነካም። ነውር ነበር።

እኔ ነካሁ። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነበርኩ። ያን ቀን ውኃው እንደ ክር ቀጥኗል፣ ደወሉ ሊደወል ነው፣ ያረፈደ ደግሞ በር ላይ ይንበረከካል። ከፊታችን የነበረው የእትዬ ዘነበች ጀሪካን ነው። እትዬ ዘነበች ሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ጎረቤታችን ነበሩ። ግራ ቀኝ አየሁና የእሳቸውን ወደ ኋላ፣ የእኛን ወደ ፊት አደረግሁ። የእኛ ሞልቶ ክዳኑን ሳጠብቅ ቧንቧው አንዴ አስነጠሰና ቀጥ አለ።

እትዬ ዘነበች እየተጣደፉ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ከናንተ በፊት አልነበርኩም እንዴ?»

«አይ እትዬ፣ እኛ ነበርን።»

«እንግዲያ እኔ ነኛ የተሳሳትኩት» አሉ። አመኑኝ። ባዶ ጀሪካናቸውን አንስተው ወደ ቀበና ወንዝ ወረዱ።

ልጆቹ ያንን ውኃ ጠጡ። ገና ድክ ድክ የምትለዋን ትንሿን በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት፤ ሳምንት አልቆየችም። ከወንዙ ይሁን ከሌላ ማንም አልመረመረም። እኔ ግን ከወንዙ ነው ብዬ፣ ለእናቴ እንኳ ሳልናገር፣ ይኸው ፀጉሬ ሸበተ።

ዛሬ እዚያው የካ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት እኖራለሁ። ከላይ እንጦጦ መናፈሻ ሆኖ አምሮበታል፤ እኛ ጋ ውኃ በሳምንት አንዴ ብትመጣ ነው። ስትመጣ በፓምፕ ስቤ ሮቶዬን እሞላለሁ። እኔ ስስብ ላይኛው ፎቅ ጠብታ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ያኔ የወሰድኩት የአንድ ሰው ተራ ነበር፤ አሁን የስንቱን እንደምወስድ እንጃ፣ ነውር ነው የሚለኝም የለም። ተስፋ የቆረጥኩት በውኃው ብቻ አይደለም፣ በራሴም ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጇን የምታርስ የአራተኛ ፎቅ እናት ባልዲ ይዛ በሬን አንኳኳች። ልጄ ልትከፍት ስትነሳ እጇን ያዝኳት። ፓምፑ እየጮኸ፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን፣ ሴትዮዋ እስክትሄድ ጠበቅን።