ዓይሻ የተጠየቀችበት ሜዳ

ባለፈው ሳምንት ማዘጋጃ ቤቱ አስጠራኝ። ከከተማው ዳር ያለ ባዶ መሬት ለሁለተኛ የአትሌቲክስ ሜዳ ይሆናል አይሆንም የሚለውን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበርና፣ የስፖርት መምህርት ስለሆንኩ እኔንም አስገቡኝ። ቦታውን ልናይ ስንወጣ ሣሩ ጠዋት በጣለው ዝናብ ርሶ ጫማችንን አበሰበሰው። መንገድ ላይ አንዱ ወጣት ባለሙያ፣ "ዓይሻንም ብንጠይቃት ጥሩ ነው፤ እሷ የምትለው ይደመጣል" አለ። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን እያመመኝ፣ ያ የድሮው ነገር ደረቴ ውስጥ ቆንጠጥ አደረገኝ።

ቅናት ነው። ሌላ ስም ላወጣለት ብዙ ሞክሬ ነበር።

ዓይሻና እኔ ሩጫ የጀመርነው አብረን ነው። እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ልጅ ነኝ። እሷ እዚሁ አሶሳ የተወለደች፣ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ እናቷ ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን ሁልጊዜ "አንተ" ነበር የምትለኝ። መጀመሪያ አርማት ነበር፤ በኋላ ወደድኩት።

ሜዳ አልነበረንም። ጎህ ሲቀድ በባምባሲ መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪኖች አቧራ እያለበሱን እንሮጥ ነበር። በበጋ ደግሞ ሣሩ ሲቃጠል ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል። እኔ ከእሷ ቀድሜ የገባሁበትን ቀን አላስታውስም። የማየው ሁልጊዜ ጀርባዋን ነበር፤ ቀጭን አንገቷን፣ ወደ ግራ ዘንበል የሚለውን ትከሻዋን። ከኋላዋ እየሮጥኩ ለራሴ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ደህና ሜዳ ቢኖር፣ ይሄ ጠጠር ባይኖር፣ እደርስባታለሁ። ስለዚህ ሜዳ ይሠራልን እያልኩ ማዘጋጃ ቤት የተመላለስኩት እኔ ነኝ። በረንዳው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ "ነገ ነይ" የሚለው ድምፅ፣ ሁሉም የኔ ነበር። ዓይሻ አንድም ቀን አብራኝ አልሄደችም።

በመጨረሻ ከገበያው ጀርባ ያለውን የከተማውን መሬት የሚገመግም ኮሚቴ ተላከ። ክረምቱ እየወጣ ነበር። እኔ ቱታዬን አጥቤ፣ በከሰል ካውያ ተኩሼ መጣሁ። የምናገረውን ከሌሊቱ ጀምሮ በልቤ ስደጋግም ነበር ያደርኩት። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ረጅም ጃንጥላ የተመረኮዙ ሰው፣ "ሯጮቹስ ምን ይላሉ?" ብለው ጠየቁ። አሰልጣኛችን ጋሽ ተፈራ ወደኔ እንኳ አላዩም።

"ዓይሻ ትናገር" አሉ። "ክልሉን የምትወክለው እሷ ናት።"

ፊቴ ጋለ።

ዓይሻ መሬቱን ታይ ነበር። ግማሹ ሣር ነው፤ ግማሹን የሰፈሩ ሴቶች ባሚያና ለውዝ ዘርተውበታል። አክስቷም ከሴቶቹ አንዷ ነበሩ፤ ከጎነበሱበት ቀና ብለው ያዩናል። መሬቱ የከተማው ስለሆነ፣ ተነሡ ቢባሉ የሚከራከሩበት ነገር አልነበራቸውም።

"መሬቱ ጥሩ ነው" አለች ዓይሻ። "ለጥ ያለ ነው፣ ድንጋይ የለም። ግን ለውዙ ገና አልደረሰም። ሴቶቹ ይሰብስብ፣ ሌላ ቦታም ይሰጠው። ከዛ ይሠራ።"

"ዘንድሮ ካልተጀመረ ሊቀር ይችላል" አሉ ሰብሳቢው። "አንቺን አይጎዳሽም?"

"ይጎዳል፣ ወላሂ" አለች።

ያኔ ሳልጠየቅ ተናገርኩ። "እኔም ሯጭ ነኝ! ለሴቶቹ ካሳ ይታሰብላቸውና ሜዳው አሁኑኑ ይሠራ።"

ሰብሳቢው በትህትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ዓይሻ ዞረው፣ "ለውዙ መቼ ይደርሳል?" አሏት።

እኔ ስለምነው የኖርኩትን ሰሚ ጆሮ እሷ ሳትፈልገው አገኘችው፤ አግኝታም ለሌላ ሰው ሰጠችው። በሩጫ ብትቀድመኝ እችለው ነበር። ያንገበገበኝ የኔን ምኞት በእጇ ይዛ "ቆዩ" ማለት መቻሏ ነው።

ኮሚቴው ሲሄድ አክስቷ ጠርተው ቤታቸው አስገቡን። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡልን። ባሚያው ያን ዕለት የተለቀመ ነው፤ ጣፋጭ ነበር። ጣፋጭ መሆኑም አናደደኝ።

"ለምን ተቆጣህ?" አለችኝ ዓይሻ ስትሸኘኝ።

"ሜዳውን ከለከልሽን።"

"አልከለከልኩም። ቆይ ነው ያልኩ።"

"ላንቺ መቆየት ቀላል ነው! አንቺን ሜዳ ኖረም አልኖረም ይወስዱሻል። እኔን ማን ይወስደኛል?"

እጄን ያዘችኝ። አልነጠቅኳትም፤ አልጨበጥኳትምም።

እንዳልኩትም ሆነ። ለውዙ ተሰበሰበ፤ ለሴቶቹም ሌላ ቦታ ተሰጣቸው። የሜዳው ሥራ ግን ወደሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው እየተገፋ ቆየ። ዓይሻን የአዲስ አበባ ክለብ ወሰዳት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ማልቀሴ ስለ መለያየታችን መስሏት፣ እሷም በመስኮት አለቀሰች። ሜዳው የተሠራው እኔ ሁለተኛ ልጄን ካረገዝኩ በኋላ ነው። ተማሪ አሠልጥኜበታለሁ እንጂ ተወዳድሬበት አላውቅም። እሷ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ እዚሁ ሰሊጥ ትነግዳለች፤ ስንገናኝ እየተሳሳቅን ነው የምናወራው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ አዲሱ መሬት ላይ ስንደርስ፣ ዳር ዳሩን በቆሎ ተዘርቶበት አገኘነው። ሁሉም ወደኔ ዞረው፣ "መምህርት፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አሉኝ። አንድ ሰው እንኳ አላሳለም። በወጣትነቴ ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ ነበር። የበቆሎውን ባለቤቶች ሳናነጋግር አንወስን አልኩ። ይቺን ለማለት ግን ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ እኔ እኮ በዚህ ዕድሜዬ የማጣው ነገር የለም። ዓይሻ ገና ወጣት ሳለች፣ የምታጣውን እያወቀች፣ ድምፅዋ ረግቶ ነበር። በፍጥነቷ መቅናት ከተውኩ ቆይቻለሁ። በዚያ በረጋ ድምፅዋ ግን ዛሬም እቀናለሁ፤ ይሄኛው ቅናት እንዲለቀኝም አልፈልግም።