ከሐጂ ባለቤት ጋር ወደ ዲንሾ

ጎባ ነርስ ሆኜ በተመደብኩበት ዓመት ከተማዋን በእግሬ ለመጨረስ ጊዜ አልፈጀብኝም። አብራኝ የምትኖረው ነርስ ጓደኛዬም እንደኔ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሁለታችንም ከጋራው ወዲያ ያለውን አገር ለማየት ጓጉተናል። ደግነቱ መንዳት እችላለሁ፤ ታክሲ ነጂው አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ እየተቆጣ አስተምሮኛል።

ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ላንድሮቨር ያከራያሉ ሲባል ሰምተን ሄድን። መንጃ ፈቃዴን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩ፤ እንደገና ፈቃዱን። ለሴት አከራይተው አያውቁም። እምቢ እንዳይሉን ደግሞ ባለቤታቸው ታመው በተኙ ጊዜ ያስታመምናቸው እኛ ነን። ብዙ ካሰቡ በኋላ፣

«ባለቤቴ አብራችሁ ትሂድ። መኪናዬን ትጠብቅልኝ» አሉን።

እሑድ ጠዋት ባለቤታቸው አዲስ ሻሽ አስረው ከፊት ወንበር ተሰየሙ። ሮቤ እስክንደርስ በየዘመዱ ደጃፍ አስቆሙን። «አካም ጅርቱ» ተብሎ የተጀመረው ሰላምታ ልጆቹን፣ ከብቱንና ገብሱን አዳርሶ እስኪያልቅ ሞተር አጥፍተን እንጠብቃለን፤ እርጎ ሳያጠጣ የለቀቀን ቤት የለም። ሰዎቹ ሾፌሩ የት እንደሄደ ሲጠይቁ እሳቸው በአገጫቸው ወደ እኔ ያመለክታሉ።

ከሮቤ ወዲያ የኋላ ጎማችን ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ገበሬዎች ከማሳቸው መጥተው ሊገፉልን ተሰለፉ። ጓደኛዬ ጫማዋን አውልቃ ወረደች። እሳቸውን መኪናው እንዲቀልልን ይውረዱ ብላቸው፣ እንዲጠብቁት እንጂ እንዲወርዱ እንዳልተላኩ ነገሩኝ። ከነክብራቸው ተገፍተው ወጡ።

ዲንሾን አልፈን ሜዳው ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ። ደጋ አጋዘኖቹ ጭቁኝ የሚባለው ቁጥቋጦ መሀል ቆመው ያዩናል፤ ወንዱ ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ላይ ወጥቷል። መኪናውን አቁሜ እኛም አየናቸው። ኋላ እሳቸው በዚሁ ሜዳ ሙሽራ ሆነው በፈረስ እንዳለፉ፣ ያን ቀን ግን ዓይናቸው ተሸፍኖ ምንም እንዳላዩ አጫወቱን። ከዚያ ትንሽ ቆይተው መሪውን ነካ አደረጉ።

«ከፈረስ ይከብዳል?»

«አይ እማማ፣ እሱስ አይደነብርም።»

«እንግዲያው ቦታ ቀይሪኝ።»

ማርሹን አስገባሁላቸው። ላንድሮቨሩ ተንገጫግጮ ተነሣ፤ አጋዘኖቹ ቀስ ብለው ራቁ። እኔ ፍሬን፣ ፍሬን እላለሁ፤ እሳቸው ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይስቃሉ። አንድ ትልቅ ጭቁኝ ላይ ወጥተን ሞተሩ በራሱ ጠፋ። ከሳቃቸው የተነሣ እንባቸውን እስኪጠርጉ ጠበቅናቸው።

ጎባ ስንመለስ ሐጂ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። መኪናዋን ዞረው ጭቃውን አዩ፣ ጎማውን ነካኩ። ባለቤታቸው ግን ገና ሳይጠየቁ፣ እኛም እንድንሰማ በአማርኛ፣

«እኔም ነድቻታለሁ» አሏቸው።

ሐጂ ጎንበስ ብለው ከመኪናዋ ሥር አዩ።

«ፍሬኗ እንዴት ነው፣ ይይዛል?»

«እኔ እንጃ፣ አልረገጥኩትም» አሉ ባለቤታቸው፣ ወደ ቤት እየገቡ።

ቁልፉን የሱቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ ሳቃችንን አፍነን ሹልክ ብለን ወጣን።