አንድ ዐይኗን የጨፈነች መኪና ይዤ ከሀና ማርያም እስከ መካኒሳ

ከሀና ማርያም መካኒሳ ሩቅ አገር አይደለም። እግሩ የጠና ሰው ቁርሱን በልቶ ተነሥቶ ለምሳ ሊመለስ ይችላል። እኔ ግን የዚያን የጥቅምት ቀን መንገድ በዕድሜዬ ከሄድኩባቸው ሁሉ ረጅሙ አድርጌ ስለምቆጥረው እንዳስታወስኩት እዚህ አሰፍረዋለሁ። የተነሣሁበት ጉዳይ ባጭሩ ይኸውላችሁ፦ ባለቤቴ አስቴር ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል። ሰፈራችን ያኔ ገጠር ነው፤ ታክሲ አይደርስም፣ ስልክ የለም። ምጥ በምሽት ቢመጣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት የእኔ መኪና ብቻ ናት። የመኪናዋ መብራት ደግሞ እምቢ ብሏል።

መኪናዋ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት ናት። ዘመኑ ሲለወጥ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የሙዚቃ መምህር ፈረንጅ ነው የሸጠልኝ። የፊት መብራቶቿ እንደ ሌሎቹ አፍጥጠው አይታዩም፤ ቀኑን ሙሉ ኮፈኑ ላይ ክዳናቸውን ለብሰው ይተኛሉ። ማብሪያውን ሲስቡት ሁለቱ ክዳኖች እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው ቀስ ብለው ይነሣሉ። እኔ በመሥሪያ ቤት ካርታ ስስል የምውል ሰው ነኝ። ማታ ስገባ ግቢ ውስጥ ቆሜ ይህን ክዳን ሳስነሣና ሳስተኛ ባትሪ እጨርሳለሁ። አስቴር ጣውንት አመጣህብኝ እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ግን ግራው አልነሣም ብሎ ቀረ፤ ቀኙም ሲፈልግ ይነሣል፣ ሳይፈልግ ያኮርፋል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከቤት

ልጇን ልታርስ በክረምቱ ከሸዋ ገጠር የመጣችው አማቴ እማማ ጥሩነሽ የግቢውን በር ከፈተችልኝ። ሳይመሽ እንድመለስ አስጠነቀቀችኝና ማርያም ትከተልህ ብላ መረቀችኝ። አስቴር በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ዛሬ ዝቅ ያለ እንደመሰላት ነገረችኝ፤ እንደ ዋዛ ነበር የተናገረችው፣ እኔም እንደ ዋዛ ሰማሁት።

ጉሙ ገና አልተነሣም። ጤፉ ግራና ቀኝ እስከ ወገቡ ጉም ውስጥ ቆሟል፤ ሽታው የእርጥብ አፈርና የትኩስ እበት ነው። ኩበት የጫኑ አህዮች ከፊቴ ብቅ አሉ፣ ባለቤታቸው ሴትዮ ሰላምታ ሰጥታኝ አለፈች፣ ዞሬ ሳያት ግን ከነአህዮቿ የለችም። መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ ጭቃውን እያሸች ትሄዳለች። እንዲህ ባለ ጠዋት ላይ ወዴት እንደምሄድ ይጠፋኛል፤ መሄዱ ብቻ ይበቃኛል። እውነቱን ለመናገር ጥፋቴም ይኸው ነው።

ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ላፍቶ

ላፍቶ ቁልቁለት ላይ የቀበሌ ጥበቃዎች ገመድ ወጥረዋል። ረጅም ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ጠመንጃውን አንግቦ መጣና ወረቀቴን አየ። መብራቱን እንዳሳየው አዘዘኝ። ሳብኩት፣ ቀኙ ብቻ ተነሣ።

«ጓድ፣ ይህቺ መኪና እኔን ነው የምትጠቅሰው?» አለ።

ስቄ ነገሩን ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። አንድ መብራት ብቻ ያላት መኪና ከመሸ በኋላ በዚህ በኩል እንዳታልፍ ትእዛዝ አለ፤ ከሩቅ ሞተር ብስክሌት ትመስላለች፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ የማታ ተረኞቹ ልጆች ደግሞ ሳይጠይቁ ይተኩሳሉ። ይህን ሲለኝ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የሚያዝንልኝ ይመስል ነበር። ገመዱን ዝቅ አደረገልኝ። ከዚያ ወዲያ ስላለው ጉም ብዙም ትዝ አይለኝም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ መካኒሳ

መካኒሳ ስገባ አየሩ ጣፈጠኝ፤ እዚያ ሰፈር ከወደ ፋብሪካው የሞላሰስ ሽታ አይጠፋም። ጋሽ ከድር የሚባል የመኪና ኤሌትሪክ ሠሪ እንዳለ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ጠቁሞኝ ነበር። ከባሕር ዛፍ ሥር በቆርቆሮ የከለላት ጥግ ውስጥ አገኘሁት፤ ጥቁር ቆብ ያደረገ፣ ቀጭን፣ ቃላት የሚቆጥብ የስልጤ ሰው ነው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

በመጀመሪያ ፊውዙን አወጣ፤ ደህና ነው። ቀጥሎ ሁለት ሽቦ የተቀጠለበትን ትንሽ አምፖል አነሣና አንዱን ጫፍ ወደ ግራው ክዳን ሞተር በሚገባው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አስነካ። አምፖሉ በራ። እኔ ደስ አለኝ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ኤሌትሪኩ እዚህ ድረስ ከመጣ በሽታው ያለው እዚሁ ሞተሩ ውስጥ ነው አለኝ። እስኪፈታው ድረስ አጠገቡ ካለች ሻይ ቤት በስሙኒ ሻይ ገዝቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ቅጠሎቹ ቀዩ ኮፈን ላይ ጥላቸውን ያወዛውዛሉ። ወዲያው ሐሳብ ይዞኝ ሄደ፤ ሕፃኑን አቅፌ ግቢ ውስጥ ቆሜ ክዳኖቹን ሳስነሣለት፣ እሱም ሲስቅ አየሁ። የጋሽ ከድር ድምፅ መለሰኝ።

«ይህቺን መኪና ማነው የሚያጠምቃት?»

ሞተሩ መዳፉ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ጥርሶቹ ዝገዋል፣ ከዝገቱ ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ጭቃ ተለጥፏል። ወዲያው ገባኝ። እማማ ጥሩነሽ ከመጣች ጀምሮ ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ጸበልና እምነት ይዛ ትመለሳለች። አስቴርን ታስጠጣታለች፣ ሆዷን ትቀባታለች። የተረፈውን ደግሞ ዐይኗ ለታመመው መኪና በክዳኑ ስንጥቅ ታፈስላታለች ማለት ነው። መብራቱ ባሰበት ቁጥር እሷም መጠኑን ጨምራ ይሆናል። ጋሽ ከድር ጥርሱን ሳያሳይ ሳቀ። እናቱ እሱ በገዛው በመጀመሪያው ብስክሌት ላይ ክታብ አስራለት እንደነበረ ነገረኝ። ለእማማም ምንም እንዳልላት አስጠነቀቀኝ፤ የእናት ነገር ነው።

ሞተሩን በቤንዚን አጠበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ የቀኙንም ፈትቶ እንዲሁ አደረገ። የቀኙ ዳነ። የግራው ግን ውስጡ ተቃጥሏል፣ ምትኩም እዚህ አገር የለም። በኮፈኑ ሥር ባለች ትንሽ መዘውር በእጅ ይነሣል፣ አንዴ ከተነሣ በብረት መታሰር አለበት። እሺ አልኩ።

«ሁለቱንም ነው የማስረው» አለ። «ዛሬ የዳነው ቀኙ ነገም ሊተኛ ይችላል።»

ቀኙ እንኳን ይነሣና ይተኛ፣ አንዱ ይቅርልኝ ብዬ እንደ ሕፃን ለመንኩት። ሚስቴ ስንት ወሯ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«አንተ ወንድሜ፣ ይህን ብረት እኮ ማንም በያጅ በክረምቱም ሊያስርልህ ይችል ነበር።»

ይህን ብሎኝ ሁለት ቁራጭ ብረት ለክቶ ቆረጠ። እሱ ብሎን ሲያጠብቅ እኔ መዘውሩን ይዤ ቆምኩ። ግራው ሲነሣ ለመጨረሻ ጊዜ እያየሁት እንደሆነ ስለማውቅ በጣም ቀስ ብዬ አዞርኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ በለቡ በኩል

ሥራው አለቀና ጂማ መንገድን ይዤ በለቡ ዞርኩ፤ መንገዱ ይሻላል ብለውኝ ነው። ስንዴው ከመንገዱ እስከ ኮረብታው ተዘርግቶ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል አብሯት ቀላ። መስኮቱን ከፍቼ ሄድኩ። ሁለቱ መብራቶች ከፊቴ ቆመዋል፣ ነፋሱ ሲመታቸው ያፏጫሉ። ለአንዲት ብረት ማዘን ያሳፍራል፤ እኔ ግን አዘንኩ። መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች ቆመው ያዩናል፣ ላሞቹም ያዩናል። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ኀዘኔን እንቅልፍ ወሰደው።

ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከቤት ደጃፍ

እማማ ጥሩነሽ በሩን ከፍታ ቆማለች፤ ጋቢና ዘንቢል ይዛለች። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው አለችኝ። አስቴር ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች፤ ፊቷ በላብ ርሷል። ሞተሩን አላጠፋሁም። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ብትሆንም እማማ አልቀርም አለች፤ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ባለችው የዕቃ ቦታ ላይ ተጣጥፋ ገባችና «ማርያም ማርያም» ማለት ጀመረች።

መሸ። ብርሃኑ ጭቃው ላይ ሁለት ሆኖ ተዘረጋ፤ ሸለቆው ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። ላፍቶ ላይ ገና ሩቅ ሳለን ገመዱ ወረደልን። እማማ ከኋላዬ መብራቶቹን ያስነሣው ጸበሉ መሆኑን ነገረችኝ፤ እኔም አዎ እማማ አልኳት። አስቴር ግን ወደ ፊት፣ ክዳኖቹን ወደያዘው ብረት እያየች ነበር።

«ይሄ ብረት ከክረምት ጀምሮ መታሰር ይችል ነበር?» አለችኝ።

«ይችል ነበር።»

«ታዲያ?»

«ሲነሣና ሲተኛ ማየት ስለምወድ ነው።»

የሚቀጥለው ምጥ ሲመጣ ማርሹ ላይ ያለውን እጄን ያዘችው፤ ካለፈም በኋላ አልለቀቀችውም። ማርሽ መቀየር አልቻልኩም፤ እስከ መካኒሳ ድረስ በሁለተኛ ሄድን።

ሐኪም ቤት ደርሰን ሴት ልጅ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ተወለደች። በአራተኛው ቀን በዚያው መንገድ ተመለስን፤ እማማ ያው ከኋላ ተጣጥፋ፣ ልጅቷ በእናቷ እቅፍ ሆና። ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ሳልሸሽግ ልጻፈው፦ ደስ የሚለኝን ነገር እያየሁ የምወዳትን ሰው አደጋ ላይ ማስቀመጥ የምችል ሰው መሆኔን ነው። ክፉ ሆኜ አልነበረም፤ ሕልም እያየሁ ነበር፣ ግን ለእሷ ልዩነት የለውም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ከተበላሸ ሳላሳድር እጠግነዋለሁ። አስቴር ምክንያቱን ታውቃለች፤ አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም።