ቂርቆስ የጠራው ሰው ሁሉ

ባሕር ማዶ፣ ኩን ራፒድስ በምትባል ከተማ የሚኖረው ቂርቆስ ሐኪም ያላወቀለት አንድ በሽታ አለበት፤ ሰው ሳይጋብዝ መሰናበት አይችልም። ቤንዚን ሲቀዳ ያገኘውን ያገር ሰው «ቤት ግባ እንጂ» ይላል፤ ቤቱ ከዚያ አርባ ደቂቃ ይርቃል። ሚስቱ የሺሀረግ ይህን በሽታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በወጥ ስታስታምም ኖራለች።

እሷ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ እሱ በሽተኛ ሐኪም ቤት ያመላልሳል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ የሚተያዩት ጋራዡ በር ላይ ነው። ዘንድሮ ግን የሺሀረግ ቆረጠች። ፍልሰታ እንደተፈታ ላለው ቅዳሜና እሁድ ሁለቱም ኦፍ እንዲወስዱ አደረገች፤ ከዱሉት ከተማ ወደ ላይ፣ ሱፐሪየር ሐይቅ ዳር የድንኳን ቦታ ሪዘርቭ አደረገች፤ የባልና ሚስት የሚባለውን የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድም አወጣች። ሁለት ዘንግ፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ኩባያ ጫነች። ሦስተኛ ኩባያ ሆን ብላ እቤት ተወች።

«ሁለት ቀን፣ እኔና አንተ ብቻ» አለችው። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እንዴታ፣ የሺዬ» አለ ቂርቆስ። ከልቡ ነበር።

ከጉዞው በፊት ባለው እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያገር ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቁት። ጤነኛ ሰው «ትንሽ ልናርፍ ነው» ብሎ ያልፋል። ቂርቆስ ግን የቦታውን ስም፣ የድንኳን ቦታውን ቁጥር ሳይቀር ዘርዝሮ ሲያበቃ «እናንተም ብትመጡ ደስ ይለናል» አለ። መኪና ውስጥ የሺሀረግ ፊቷን አዞረችበት።

«ለወጉ ያህል ነው እኮ» አላት። «ማን ሦስት ሰዓት ነድቶ ይመጣል?»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ድንኳናቸውን ተክለው፣ ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው መንጠቆ ጣሉ። ዓሣ የሚባል ነገር ዝርም አላለም፤ ግድ የሰጠውም የለም። ቂርቆስ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፉን ዘጋ፤ ይህ በትዳራቸው ታይቶ አይታወቅም። የሺሀረግ ትከሻው ላይ ጋደም አለች። ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ሥራውን ለመተው እንደሚያስብና ይህም እንዳስፈራው ለማንም አልተናገረም። አሁን ሊነግራት ነው።

«የሺዬ፣ አንድ ነገር...» ሲል የመኪና ክላክስ ጮኸ።

ሦስት መኪና ሙሉ ሰው! ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የጠራቸው ናቸው፦ ዮሐና ከነባሏና ከነልጆቿ ከአፕል ቫሊ፣ ምሥጋና ከነስፒከሩ ከብሩክሊን ሴንተር። የሌሎቹንስ ተዉት። «ጋሼ ቂርቆስ ጠርተውን እንዴት እንቀራለን?» አለ ምሥጋና፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይኑን እያሸ። እንዲያው ጉድ ነው! ጠሪው እንዲመጡ አልፈለገም፣ የመጡትም መምጣት አልፈለጉም፤ ይሉኝታ ሁሉንም ጎትቶ ብርድ ላይ ሰበሰባቸው። የቦታው ጠባቂ መጥቶ እዚህ የሚፈቀደው ለስድስት ሰው ብቻ ነው ቢል፣ ቂርቆስ ጥብስ ቅመስ ብሎ እሱንም ጋበዘው።

የሺሀረግ ወደ ምግቡ ሥራ ገባች። ሽንኩርት አቀበሏት፣ ከተፈች። የባልና ሚስቱን ዘንጎች የዮሐና ልጆች ጎራዴ አድርገው ሲፋለሙባቸው አየች፤ ዝም አለች። ቂርቆስ ዝምታዋን ደስታ ነው ብሎ ለራሱ ተረጎመው። ምን ያድርግ፣ እንዲያ ቢሆን ይሻለዋል።

ምግቡ ሲቀርብ ለንግግር ተነሣ። ይህች ሚስቱ የቤቱ ምሰሶ መሆኗን፣ ይህን ጉዞም ለእሷ ብሎ እንዳዘጋጀው ተናገረ። ተጨበጨበ። ሊያቅፋት ዞር ቢል ወንበሯ ባዶ ነው። መኪናቸውም የለም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ ቴክስት አድርጋለታለች።

«ዱሉት ሆቴል ይዣለሁ። መስኮቱ ሐይቁን ያሳያል። አንተም ብትመጣ ደስ ይለኛል።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። የምሯን ይሁን ለወጉ ያህል፣ መለየት አቃተው። ስልኩን ኪሱ መለሰ። ጎንበስ ብሎ ምሥጋናን «ዱሉት ድረስ ድራይቭ ታደርገኛለህ? አሁኑኑ» አለው።

«እንዴታ፣ ጋሼ! ምን ችግር አለው» አለ ምሥጋና፣ ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ። ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። «መጀመሪያ ግን በሞቴ፣ ይቺን ይጉረሱልኝ።»

ሰው ሁሉ ያያል። እንቢ ማለት ነውር ነው። ቂርቆስ አፉን ከፈተ። ጉርሻ ደግሞ በአንድ አይቀርምና፣ ቆሞ ሁለተኛውን ጠበቀ።