የባዶው ጉድጓድ ምሥራች

የምሥራች ይዣለሁ፤ ጉድጓዱ ባዶ ነው።

ባዶ ጉድጓድ ደግሞ ምን ምሥራች አለው እንደምትሉ አውቃለሁ። ምሥራቹ ግን የአባ ድመት ነው፤ የአባ ድመት ነገር ደግሞ ከሥሩ ካልሰሙት አይጥምም። ስለዚህ እስቲ ጠጋ በሉ።

አባ ድመት አይጥ አጥፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራም። የዱቄት መጋዘን፣ የሆስፒታል ምድር ቤት፣ የወደብ ዕቃ ማከማቻ፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የእሱ ቢሮ ነበር። ስሙን ያወጡለት የመጋዘን ዘበኞች ናቸው። እናቱ ባወጣችለት ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ነው። አፍንጫው ትልቅ ነው። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፣ ወደፊት ስለሚያስፈልገን ነው። በዚያ አፍንጫ ከግድግዳ ጀርባ የሞተ አይጥ የት እንደወደቀ ይለያል። ሰዎች የሚያስገቡት በጓሮ በር ነበር፤ የሚያስወጡትም በዚያው። የገደለውን ማየት የሚፈልግ የለም፣ እጁን የሚጨብጠውም እንዲሁ። እንዲህ እንዳለ ሸመገለ።

ሚስቱ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት፤ ምላሷ ከካውያዋ ይብሳል። ካለፈው ክረምት ወዲህ አልጋ ይዛለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ምግብ አላሳልፍ ብሏል። ሐኪሞቹ ከፍተው አዩ፣ መልሰው ሰፉ፣ “ቤቷ ትረፍ” ብለው ሸኟት። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ ደረጃው ሲያልቅ በስተግራ፣ ከእኔ ቤት ጎን። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው። በመስኮቱ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ፣ ከክሬኖቹ ወዲያ ደግሞ የጠቆረች ድንጋይ ደሴት።

በዚያች ደሴት ላይ የባሕር ወፎች ጉድጓድ ቆፍረው ይፈለፍላሉ። ድሮ ይፈለፍሉ ነበር ማለት ይሻላል። አንድ አሮጌ መርከብ እዚያ ተሰብሮ አይጦቹን አራገፈ፤ ከዚያ ወዲህ ከጉድጓድ የወጣ ጫጩት አልነበረም። ወፎቹ በዓመት አንዲት እንቁላል ናት የሚጥሉት፤ ያቺ ከተበላች ሁለተኛ የለችም። ጫጩቶቹ መሸሽ አያውቁም። አይጥ ከኋላቸው ጀምሮ ሲበላቸው ባሉበት ተቀምጠው ነው የሚበሉት። አባ ድመት መጀመሪያ ደሴቷ ላይ የወጣ ቀን ከየጉድጓዱ አፍ የክንፍ አጥንት ለቀመ፤ ማታ ራት አልበላም።

ወደ ደሴቷ የወሰደችው አንዲት ዶክተር ናት። ሰው የምታክም እንዳይመስላችሁ፤ የባሕር ወፍ የምታጠና ናት። እሱ የመርዝ ሳጥኖቹን በየድንጋዩ ሥር ዘረጋ። አይጥ የሚወደው ሽታ ያለባቸው የሰም ቁራጮችንም በየቦታው አኖረ፤ አይጥ ካለ ጥርሱን ሰሙ ላይ ይተዋል። ሁለት ክረምት እንዲያ ሠራ። በመጨረሻ ሰሙ እንዳለ መገኘት ጀመረ፣ ጥርስ የለበትም። ዘንድሮ ደግሞ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ አንድ እንቁላል ተገኘ፤ እንቁላሉም ተፈለፈለ።

ዶክተሯ ስለ ወፎቹ ማውራት ከጀመረች አታቆምም፤ አባ ድመትም ሲሰማ አይደክምም።

“ቱቦ አፍንጫ የምንላቸው ወገን ናቸው ጋሼ” አለችው አንድ ቀን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው። “አፍንጫቸው ምንቃራቸው ላይ እንደ ቱቦ ብቅ ብሎ ይታያል። አልባትሮስ ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሰው ጫፍ ለጫፍ ቢተኛ ያህላል። ትንሿ ፔትረል ደግሞ መዳፍዎ ላይ ትቀመጣለች። ሁለቱ ግን አንድ ወገን ናቸው።”

“በምን ተዛመዱ?”

“በአፍንጫ። የባሕር ውሃ ጠጥተው ጨዉን በአፍንጫቸው ያንጠባጥባሉ። ምግባቸውን ከሩቅ ያሸታሉ። በጨለማ ሲመለሱም ብዙዎቹ ጉድጓዳቸውን በማሽተት ነው የሚያውቁት።”

ይህን ቤት ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት፣ ትራሷን አስተካክላ አየችው።

“በአፍንጫ ከሆነማ ዘመዶችህን አገኘህ በለኛ” አለች። “እኔ እናትህን ካየኋት ቀን ጀምሮ የባሕር ነገር እንዳለባችሁ ጠርጥሬ ነበር።”

“እናቴን ተያት። ሌላም አለ። ሁለት ዓይነት ትናንሽ ፔትረሎች አሉ አሉ፤ መልካቸው ስለሚቀራረብ አንድ ቤተሰብ ተብለው ኖሩ። ደማቸው ሲመረመር ሁለት ቤተሰብ ሆነው ተገኙ። የአንድ ዓይነት ኑሮ ሳያመሳስላቸው አይቀርም አለች።”

“እኛን ራሱ የሆስፒታሉ ዘበኛ ወንድሟ ነህ ወይ ብሎህ የለ? ይኸው ነዋ።”

ስትስቅ ጎኗን ያማታል። እያመማትም ትስቅ ነበር።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ጫጩቱ አደገ፣ ወፈረ፤ ከወላጆቹም በላይ ከበደ። ዶክተሯ በየሳምንቱ እየመጣች በጨርቅ ከረጢት አድርጋ ሚዛን ላይ ትሰቅለዋለች። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ደግሞ ቀጫጭን እንጨቶች ተክላለች። ወላጆቹ ሌሊት ሊያጎርሱት ሲገቡ እንጨቶቹ ይወድቃሉ፤ አባ ድመት ጠዋት ይመልሳቸዋል። አንድ ጠዋት ሲመጣ እንጨቶቹ ቆመዋል። በማግስቱም ቆመዋል። ከዚያም በኋላ እንደቆሙ ቀሩ።

አባ ድመት ከጉድጓዱ አፍ ላይ በደረቱ ተኝቶ ሰማ። ጫጩቱ ከውስጥ ሲጢጥ ይላል።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ በየጠዋቱ ይህ ነበር የሚሆነው፦ የሰርዲን ቆርቆሮ ይከፍታል፣ ዘይቱን ያጥባል፣ ዓሣውን በሹካ ያደቃል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

“አንድ ማንኪያ። ለኔ ስትይ።”

“ላንተ ስል ስንት ዓመት በላሁ እኮ።” ከንፈሯን ትገጥማለች። አንዳንዴ ለእሱ ስትል ትቀበልና ምግቡ ወዲያው ይመለሳል፤ እሱ አፏን ይጠርጋል፣ አንሶላ ይለውጣል፣ ከዚያ ማንኪያውን መልሶ ያነሣል።

እናም አንድ ቀን የተረፈውን ዓሣ በጣሳ አድርጎ ወደ ደሴቷ ወሰደው። እንጨቶቹን አንድ በአንድ ነቀለ፣ እጁን አስገባ፣ አጎረሰ፤ ከዚያ እንጨቶቹን እዚያው ቀዳዳቸው ውስጥ መልሶ ተከላቸው።

“ጣሳው ባዶ ነው” አለች ሚስቱ በተመለሰ ጊዜ። “አንተ ነህ የበላኸው?”

ነገራት።

“ጨርሶ በላ?”

“ማንኪያውንም ሊውጠው ነበር።”

“በል ነገ በዛ አድርገህ አድቅቅለት። ከዚህ ቤት አንድ የሚበላ ተገኘ ማለት ነው።”

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተባባሪዎች ሆኑ። ማታ ሲመለስ ከአልጋዋ ሆና ስለ ጫጩቱ ትጠይቀዋለች፤ እንዴት እንደዋጠ፣ ምንቃሩን ምን ላይ እንደጠረገ። አንድ ጊዜ ጫጩቱ ደንግጦ የሆዱን ዘይት ጃኬቱ ላይ ተፋበት። እነዚህ ወፎች ጠላት ሲመጣባቸው የሚተፉት ነው፤ ሽታው ታጥቦ አይለቅም። “ሽታህ ከደረጃው ቀድሞህ ነው የሚደርሰው” ትለዋለች። “ጫጩቱ ሲበር እስካይ ነው የምቆየው እንግዲህ። ከዚያ በኋላ እንደፈለገ።” ምኑ እንደፈለገ እንደሆነ አልጠየቃትም።

ዶክተሯ ለምዘና መጣች። ከረጢቱን ሰቀለች፣ አየች፣ አወረደች፣ እንደገና ሰቀለች። ከዚያ የሻይ ፔርሙዟን ሚዛኑ ላይ አንጠለጠለች።

“ሚዛኑ ተበላሽቷል ጋሼ። እንጨቶቹ ቆመዋል፣ ጫጩቱ ግን አልቀነሰም።”

አባ ድመት መሬት መሬት አየ። “ሚዛኑ ደኅና ነው።”

“ታዲያ?”

“እኔ ነኝ።”

“ምን ሆነው?”

“አበላሁት። ሰርዲን።”

ዶክተሯ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። “ዘይት ያለበትን?”

“ዘይቱን አጥቤ።”

አልተቆጣችውም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። “ወላጆቹ አልከዱትም” አለችው። “ያጎረሱት ስብ ይበቃዋል። አሁን ሥራው መራብ ነው። እየከሳ፣ ክንፉን እያማታ፣ ቀለል ሲለው ራሱ ይወጣል። እንዲህ ከብዶ ከአፋፉ ቢዘል ድንጋዩ ላይ ነው የሚወድቀው።”

“እኛ ምንም ካልሰጠነው ቢሞትስ?”

“ሊሞት ይችላል። ብርዱ ሳይገባ ካልወጣም ይሞታል። አሁን ማድረግ የምንችለው እጃችንን መሰብሰብ ነው።”

አባ ድመት ያን ቀን በጀልባው ተመለሰ። ዕድሜውን ሙሉ ሲገድል ኖሮ፣ አንዱን ላድን ባለ ጊዜ ደግሞ በማንኪያ ሊገድለው ነበር።

ሚስቱ ነገሩን እስከ መጨረሻ ሰማች። ከዚያም፦

“ስለ እኔስ አልጠየቅካትም?”

“አንቺ ወፍ ነሽ እንዴ?”

“አይደለሁም። አፍንጫዬ ትንሽ ናት።”

ሳቁ አልመጣለትም። እጁን ከጫጩቱ ቢሰበስብም ከእሷ አልሰበሰበም፤ በማግስቱም ቆርቆሮ ከፈተ፣ አደቀቀ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሷም ፊቱን አይታ አንድ ጊዜ አፏን ከፈተችለት። ያን ዕለት በጣም ታመመች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ክፉ ነበሩ። ንፋሱ ከረረ። ጫጩቱ እስከ ጉድጓዱ አፍ እየመጣ የአባ ድመትን ጫማ በምንቃሩ ይነካካል፤ እሱ እጁን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ሳጥኖቹን ሊያይ ይሄዳል። ደረቱ ላይ ያለው ለስላሳ ላባ እየረገፈ፣ ከሥሩ ጥቁሩ ላባ እየወጣ፣ አንገቱ እየቀጠነ መጣ። ቤት ውስጥም አንገት እየቀጠነ ነበር።

“ስንት ሺህ ነፍስ ያጠፋህ ሰውዬ ለአንድ ጫጩት ታለቅሳለህ?” አለው ጀልባ ነጂው።

“ንፋስ ነው ዓይኔን ያስነባው።”

“ንፋሱ እኮ ከኋላህ ነው አባ ድመት።”

ጀልባ ነጂው ይህን ብሎ ፊቱን አዞረለት።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ደሴቷ ላይ ሲወጣ እንጨቶቹ ወድቀዋል። አባ ድመት ባለበት ቆመ። ለእሱ ባዶ ጉድጓድ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንቱን አይቷል። ተንበርክኮ እንጨቶቹን አያቸው፤ የወደቁት ወደ ውጭ ነው። ያንን ትልቅ አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተው። የወፍ ዘይት ይሸታል። አይጥ አይሸትም። ደም የለም። ሰሙ ላይ ጥርስ የለም። ከጉድጓዱ ጀምሮ ዳገቱ ላይ እዚህም እዚያም ለስላሳ ላባ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ እሱን እየተከተለ በእጅም በእግርም ወጣ። የመጨረሻው ላባ አፋፉ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ አየር ነው።

ከአፋፉ ሥር ግን ድንጋይ አለ፤ ከላይ ሆኖ አይታይም። ወደ ጀልባ ነጂው በእጁ ምልክት ሰጠ። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አስነሥቶ በድንጋዮቹ ሥር በቀስታ ዞረ፣ ቆሞ እያየ። አባ ድመት በሆዱ ተኝቶ ጠበቀው።

ቀጥሎ እኔ ከቤቴ ሆኜ የሰማሁት ደረጃ ላይ የሚሮጥ ሰው እግር ነው። ከእነሱ የሚለየን ግድግዳ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል፤ ሰውዬውም በዚህ ደረጃ ላይ ሮጦ አያውቅም።

“ጉድጓዱ ባዶ ነው” አለ ከበሩ ሆኖ።

የአይጥ አጥፊ ሚስት ናትና የሚጠየቀውን ታውቃለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። “ደም አለ?”

“የለም።”

“ላባ?”

“አፋፉ ላይ።”

“ከሥሩስ?”

“ጀልባው ሁለቴ ዞሮ አየ። ድንጋዩ ላይም ውሃው ላይም ምንም የለም።”

እኔም በወዲያ በኩል ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

“ወዴት ሄደ ታዲያ?”

“ወደ ባሕሩ። ዶክተሯ እንደምትለው አሁን ዓመታት መሬት አይረግጥም። ከዚያ እያሸተተ ወደዚችው ደሴት ይመለሳል።”

“ማንም መንገድ ሳያሳየው?”

“ማንም።”

“ጎበዝ” አለች። ከዚያ የሳህን ድምፅ ሰማሁ፤ እሱ ከልማዱ የጠዋቱን ዓሣ አንሥቶ ኖሯል። “አንተ ሰውዬ” አለችው፣ ቀስ ብላ፤ ከዚያም እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራችው፤ ያለ ቁጣ ስትጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። “ማንኪያውን አስቀምጠው።”

አስቀመጠው። ጠረጴዛው ላይ ቅጭል ሲል ሰማሁት። ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ፤ ክሬኖቹን አልፈው ደሴቷን እያዩ ነው መሰለኝ።

ከታች ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ገና አልሰማችም። ሱቅ ልትሄድ በሯን ስትዘጋ ይሰማኛል፤ ሳታመልጠኝ ልውረድ።